ጤዛ ማራገፍ

አቃቂ በሰቃ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለምወድህ ለእህቴ ልጅ ለሀብተሚካኤል፣

ይህ ደብዳቤ በደህና እንደሚያገኝህ ተስፋ አለኝ። ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለቤቴ ቀናው ከባቡር ጣቢያው በጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው ጋዜጣ ማንበብና እኔን ማረም ሆኗል። አሁንም በትከሻዬ በኩል እያየ "ረዘመ" ይላል።

የምጽፍልህ አንድ ነገር አስቸግሮኝ ነው። ሳሪስ አቦ በማኅበራችን ላይ ሴቶቹ "የእህትሽ ልጅ ሆላንድ ሄዶ የሚያጠናው ምንድን ነው?" ብለው ጠየቁኝ። "ተክል ነው" አልኩ። "ምን ተክል?" አሉ። አራት ዓመት ሙሉ አላውቅም ማለት ቀፈፈኝና "ጤፍ" አልኩ። ከዚያ ወዲህ የጤፍ ነገር በተነሣ ቁጥር ዞረው እኔን ያዩኛል። አንዷማ ጤፍን ከፀሐይ የሚያድን ነገር አግኝቷል ብላ ለቄሱ ነግራለች። እባክህ ጤፍ ካልሆነ ቶሎ እንዳስተካክለው ጻፍልኝ። ፎቶግራፍም ላክ፤ ያንተን ሳይሆን የተክሉን። ያንተ አለን።

የችግኙ ሥራ ደህና ነው። ወንዙ ዳር ካሉት መደቦች ሰባቱን በቲማቲም፣ በቃሪያና በጥቅል ጎመን ይዣለሁ። ፀሐዩ ግን ዘንድሮ ቀድሞ ጀምሯል። አጥር የምትዋሰነኝን የስልጤዋን ሰኪናን ታስታውሳታለህ። የእሷ ችግኝ መደብ ላይ ሳለ ያምራል፤ ገበሬው ወስዶ ማሳው ላይ ሲተክለው በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ይጥለዋል። የእኔ ይጸናል። በጋሪ እየመጣ ከሁለታችንም ይወስድ የነበረው ቀጀላ አሁን የእሷን በር አልፎ ወደ እኔ ብቻ ይመጣል። ሰኪና "አሰፉ፣ ምን እያደረግሽለት ነው?" አለችኝ። "የእግዜር ነገር ነው" አልኳት።

በርታ። ምግብህን ብላ።

አክስትህ አሰፋች

ኡትሬክት፣ ጥር 9 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ አሰፋች፣

ከሩቅ ሆኜ ጉልበትዎን እስማለሁ። ጋሽ ቀናውንም ሰላም ይበሉልኝ። ደብዳቤዎ በሃያ ቀኑ ደረሰኝ፤ ሁልጊዜም ሃያ ቀን ነው የሚፈጀው። ለጤናዬ አያስቡ።

የማጠናውን በአገራችን ቋንቋ ለመጻፍ ስሞክር ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ሁሉም ተክል ከሕዋሳት የተሠራ ነው። ሕዋስ በዓይን የማይታይ፣ በስስ ሽፋን የተከለለ ትንሽ ክፍል ነው። በአጥንታችንና በወተት ውስጥ ያለው ካልሲየም የሚባለው ማዕድን ከክፍሉ ውጪ በብዛት አለ። ውስጥ ግን ከውጪው አሥር ሺህ ጊዜ ያህል ያንሳል፤ ተክሉ ሆን ብሎ ስለሚያስወጣው ነው። ሙቀት ሲመጣ ሽፋኑ ላይ ያሉ ጠባብ በሮች ይከፈቱና ካልሲየሙ ይገባል። መግባቱ ራሱ መልእክት ነው። ካልሞዱሊን የተባለ ፕሮቲን ካልሲየሙን ተቀብሎ ሌሎችን ይቀሰቅሳል፤ የተቀሰቀሱትም የሕዋሱ ሌሎች ፕሮቲኖች መጥበሻ ላይ እንደተሰበረ እንቁላል እንዳይረጉ ይጠብቋቸዋል።

እኔን የያዘኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። መልእክቱ ከተሰማ ካልሲየሙ መውጣት አለበት። ሽፋኑ ላይ ያሉ ፓምፖች ከፊሉን ወደ ውጪ፣ ከፊሉን ሕዋሱ መካከል ወዳለው ቋት ይመልሱታል። ብዙ ከቆየ ያ ሊያድን የገባው ራሱ ሕዋሱን ይገድለዋል። ስለዚህ ተክሉ ከሙቀት የሚተርፈው ካልሲየሙ ስለገባ ብቻ አይደለም፤ ምን ያህል እንደገባና በስንት ደቂቃ እንደተመለሰ ይወስነዋል።

ይህን የምናየው በብርሃን ነው። ካልሲየም ሲነካው የሚያበራ ፕሮቲን ከአንድ የባሕር እንስሳ ተወስዶ በተክሎቻችን ውስጥ ገብቷል። ካልሲየሙ ሲነሣ ተክሉ ለዓይን የማይታይ ደካማ ብርሃን ያወጣል፤ ብርሃኑን መሣሪያ ይለካዋል።

የእኔ ችግኞች አርባ አምስት ዲግሪ ላይ ካልሲየሙን ማንም ባላሰበው ፍጥነት መልሰው ያስወጣሉ፤ ከሙቀቱም በኋላ በሕይወት ይቆያሉ። የሚመራኝ ፕሮፌሰር ውጤቱን ለአንድ ታላቅ የሳይንስ መጽሔት ልኮታል። ስሜ መጀመሪያ ላይ ነው የሚወጣው። ይህን ለሴቶቹ ሊነግሯቸው ይችላሉ።

የተክሉን ፎቶግራፍ መላክ ግን ላቦራቶሪው አይፈቅድም።

ልጅዎ ሀብተሚካኤል

አቃቂ በሰቃ፣ የካቲት 3 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀብተሚካኤል፣

የቅዱስ አቦ ጥበቃ አይለይህ። ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ምንም አልገባኝም፣ በሁለተኛው እንቁላሉ ገባኝ፣ በሦስተኛው ቀናው አስረዳኝ። "ይህማ የባቡር ምልክት ነው" አለ። "ክንዱ ይነሣል፣ ባቡሩ ያልፋል፣ ክንዱ ይወርዳል። ተነሥቶ ከቀረ ቀጥሎ የሚመጣው አደጋ ነው።" እሱ ሁሉንም ነገር ባቡር ያደርገዋል፤ ይህኛው ግን ልክ ሳይሆን አይቀርም።

የተክሉን ስም ግን አልጻፍክም። ቀናው ፎቶግራፍ አይፈቀድም ያልከውን አላመነም። "ተክል የጦር መሣሪያ ነው?" አለ። እኔም ማኅበር በደረሰ ቁጥር በጤፍ እንደተያዝኩ ነው።

ሰኪና ሦስቱን መደቦቿን ትታቸዋለች። የቀሩትንም ጠዋት ስታያቸው ቆይታ፣ ሳትነካቸው ወደ ሱቋ ትሄዳለች።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያንተ ችግኞች ከሙቀት የሚተርፉ ከሆነ እንደኛ ጠዋት ጠዋት ጤዛቸውን ታራግፋለህ ማለት ነው? ወይስ የፈረንጅ ችግኝ ጤዛ የለውም? ተማሪ ሳለህ ከትምህርት ቤት በፊት መደቡን ሁሉ በእጅህ ጀርባ እያባበስክ የምትሄደው ትዝ አለኝ። ከእኔ ይልቅ የአንተ እጅ ለስላሳ ነበር። ይህን ነገር ለሰው እንዳትናገር ብዬህ ነበር፤ እንዳልተናገርክም አውቃለሁ።

ቶሎ ጻፍ።

አክስትህ አሰፋች

ኡትሬክት፣ መጋቢት 28 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ፖስታው አልዘገየም። ደብዳቤዎ የካቲት 24 ደርሶኛል። ከዚያ ወዲህ አምስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ።

በቀላሉ ልጀምር። ተክሉ ትምባሆ ነው። ለዚህ ዓይነት ሥራ የሚመች ስለሆነ እንጂ የሚያጨስ ሰው እዚህ የለም። እርስዎ በአቦ ስም በሚሰበሰቡት ሴቶች መካከል ቆመው "ትምባሆ ነው የሚያሳድገው" ሲሉ ስለታየኝ አራት ዓመት ሙሉ "ተክል" እያልኩ ጻፍኩ። ፎቶግራፉን የከለከለኝ ማንም የለም።

የቀረው እንዲህ ቀላል አይደለም።

ደብዳቤዎን ባነበብኩ ማግስት ጠዋት የችግኞቹን ክዳን ከፈትኩ። ከክዳኑ ሥር ውኃ ይንጠባጠባል፣ ቅጠሎቹ ላይም ጠብታ ይቆማል። እጄ ቅጠሎቹ ላይ ሲሄድ አየሁት። አክስቴ፣ እንደሚያደርገው አላውቅም ነበር ብል ያምኑኛል? አራት ዓመት በየጠዋቱ ሳደርገው ኖሬያለሁ። በሙከራ መዝገቤ ላይ ውኃው፣ ብርሃኑ፣ አፈሩ፣ ዲግሪው ሁሉ ተጽፏል። ይህ ግን አንድም ቦታ የለም።

ከዚያ ፈተንኩት። ግማሾቹን ችግኞች ነካሁ፣ ግማሾቹን ሳልነካ ተውኩ። ያልተነኩት ካልሲየሙን ቶሎ መመለስ አቃታቸው፤ ብዙዎቹም በሙቀቱ ሞቱ። መንካት ብቻውን በሕዋሱ ውስጥ ትንሽ የካልሲየም ሞገድ ያስነሣል። በየጠዋቱ ሲደጋገም ተክሉ ካልሞዱሊኑን ያበዛል፤ ፓምፖቹም የሚበረቱ ይመስላል። ሙቀቱ ሲመጣ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። እኔ የተክሉ ተፈጥሮ ነው ብዬ የጻፍኩት የእጄ ሥራ ነበር።

እዚህ ዶሮታ የምትባል የፖላንድ ተማሪ አለች። መስከረም ላይ መጥታ የተሰጣት ሥራ የእኔን ውጤት ደግማ ማሳየት ነበር። ሦስት ጊዜ ሞከረች፤ ሦስቴም ችግኞቿ ሞቱ። ፕሮፌሰሩ በሁላችን ፊት "ጥንቃቄ የለሽም" አላት። መዝገቤን ከዳር እስከ ዳር አንብባ ታኅሣሥ ላይ ወደ እኔ መጣችና "እዚህ ያልተጻፈ የምታደርገው ነገር አለ?" አለችኝ። "ሁሉም ተጽፏል" አልኳት። ያን ጊዜ እውነት መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ሳያት ወደ ሌላ ክፍል እገባለሁ።

ሚያዝያ 20 ቀን ትቀጥል ወይስ ትሰናበት የሚለው ይወሰናል። እኔ ለመናገር ዝግጁ ነኝ። ነገር ግን ነገሩ የእርስዎ ነው፤ ለሰው እንዳልናገር አደራ ብለውኛል። ያለ እርስዎ ፈቃድ እንዴት አደርገዋለሁ? ፈቃድዎን እጠብቃለሁ።

ልጅዎ ሀብተሚካኤል

አቃቂ በሰቃ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 1990 ዓ.ም.

ሀብተሚካኤል፣

ደብዳቤህ ትናንት ደረሰ። ሃያ ቀን ነው የሚፈጀው ብለህ የጻፍክልኝ ራስህ ነህ። ስብሰባው ከነገ ወዲያ ነው። የእኔ መልስ በሁለት ቀን ሆላንድ አይደርስም፤ ይህን መጋቢት 28 ቀን ስትጽፍም ታውቅ ነበር።

ትናንቱኑ ስልክ ቤት ሄድኩ። ልጅቱ "ቁጥር" አለችኝ። አራት ዓመት ሙሉ ከጻፍክልኝ ውስጥ አንድም የስልክ ቁጥር አጣሁ። ቀናው ፖስታዎቹን ሁሉ ገልብጦ ጀርባቸውን አየ።

ፈቃዴን የፈለግኸው ለመናገር አይደለም፤ ላለመናገር ነው። ልጅቷ ስትሄድ "አክስቴ አልፈቀደችም" እንድትል። እኔን ለዚህ አታድርገኝ። ፈቃድ ከሆነ ይኸው ፈቅጃለሁ። ይህን ባነበብክበት ቀን፣ ሻይ ሳትጠጣ፣ ሂድና ተናገር።

ትምባሆውን ለቀናው ነገርኩት። ከትናንት ጀምሮ ጋዜጣውን ከፊቱ ላይ አላነሣም፤ ከሥሩ እየሳቀ እንደሆነ ትከሻው ያስታውቃል። ለሴቶቹ እኔ እነግራቸዋለሁ። ይህ እዳው ገብስ ነው።

ስቆጣህ ቆየሁ፣ ከዚያ እጄ ዛለ። የማላውቃት የፈረንጅ ልጅ አንድ ነገር ስለተደበቀባት ይህን ያህል ከተናደድኩ፣ በአጥሬ ማዶ ስላለችው ምን ልል ነው? ዘጠኝ ዓመት ነው። ከአማቴ የተማርኩት ሰሞን አጥሩን በማዳበሪያ ከረጢት የጋረድኩት ነፋስ እንዳይገባ ነው እል ነበር።

ሌላ አልጽፍም።

አሰፋች

ኡትሬክት፣ ሰኔ 2 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፣

ከእግርዎ በታች ሆኜ እጽፋለሁ። ያሉት ሁሉ ልክ ነው።

ሚያዝያ 20 ቀን በስብሰባው ላይ ነበርኩ። መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። ፕሮፌሰሩ "የምትሉት አለ?" ብሎ ጠየቀ፤ ዙሪያውን ሁሉ እያየ፣ እኔንም አየኝ። የእስክሪብቶዬን ክዳን ከፍቼ ዘጋሁ። ዶሮታ ሳምንት ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 26 ቀን ሄደች። ቦታዋ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ስትሰናበት ለሁላችንም እጇን ሰጠች፤ ለእኔም ሰጠች።

የእርስዎ ደብዳቤ ግንቦት 8 ደረሰኝ። እንዳዘዙኝ ሻይ ሳልጠጣ ሄድኩ። ለፕሮፌሰሩ ጤዛውንም፣ አቃቂንም፣ የነካኋቸውንና ያልነካኋቸውንም ችግኞች ነገርኩት። ውጤቱን የጻፍኩበትን ወረቀት አገላበጠ።

"ይህ እኮ ካገኘኸው ሁሉ የሚበልጥ ነገር ነው" አለኝ። "መቼ አወቅህ?"

"በመጋቢት መጀመሪያ።" በእነሱ አቆጣጠር ነው የነገርኩት።

"ስብሰባው የነበረው በሚያዝያ መጨረሻ ነው።"

"አዎ።"

"አለማወቅህ አያሳፍርም" አለ። "ሁለቱ ወር ግን ያሳፍራል።" ከዚያ ጽሑፉን ከመጽሔቱ እንደሚያስመልስ ነገረኝና በሩን እንድዘጋው ጠየቀኝ። የእኔን መቆየት ወይም መሄድ በመስከረም ይወስናሉ። አንድ ሰው ቢጠይቅዎ እንዲህ ይበሉት፤ አልተወሰነም።

ለዶሮታ በኮምፒውተር በሚላከው ደብዳቤ ጻፍኩላት። አራት ገጽ ነው። ያደረግኩትን፣ ያላደረግኩትን፣ በስብሰባው ቀን መስኮቱ አጠገብ መቀመጤንም ጽፌያለሁ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ መለሰች። ሰላምታ የለውም። ያለው ይህ ብቻ ነው፦ "በአንድ ጠዋት ስንት ጊዜ? በመዳፍ ነው በእጅ ጀርባ? ከሙቀቱ ስንት ሰዓት በፊት?"

አገሯ ሆና ሙከራውን ልትደግመው ነው።

ሁለተኛውንና ሦስተኛውን መለስኩላት። የመጀመሪያውን አላውቀውም። ልቁጠር ብዬ ስጀምር እጄ ይለወጣል፤ ከአሥር በኋላ እያሰብኩ የምነካ እሆናለሁ፣ ያ ደግሞ የድሮው አይደለም። እንደሚጠፋብኝ ጻፍኩላት። መልስ አልሰጠችም። ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። የተማርኩት ከእርስዎ ነው፤ እጄም የሚሄደው እንደ እርስዎ እጅ ነው። በአንድ መደብ ላይ ስንት ጊዜ እንደሚያልፉ ይቁጠሩልኝ። ሌላ ነገር አልጠይቅዎትም።

ልጅዎ ሀብተሚካኤል

አቃቂ በሰቃ፣ ሰኔ 27 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለሀብተሚካኤል፣

መስከረምን የሚወስኑልህ ሰዎች ልባቸውን ያራራልን። እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ገብቷል፣ ወንዙም ሞልቶ የታችኛውን መደብ ነካክቶታል።

የጠየቅኸኝን ልቆጥር ሁለት ጠዋት ሞከርኩ። እኔም እንዳንተው ነኝ፤ ከአሥር አያልፍልኝም። ቀናው ልቁጠርልሽ አለ፤ ዓይኑ ግን ከመደቡ ዳር ሆኖ እጄን ከቅጠሉ አይለይም። እሱም ካልሆነልኝ የቀረችኝ ሰኪና ብቻ ናት።

ሚያዝያ ላይ ያን ሁሉ ስጽፍልህ በማግስቱ የምነግራት መስሎኝ ነበር። አልነገርኳትም። አንተን ባዘዝኩህ ቀን ራሴን አላዘዝኩም። ሁለት ወር ከስምንት ቀን ሆኗል፤ ያንተ ሁለት ወር እንዴት እንደሄደ አሁን ገባኝ። ትናንት ጠዋት ከረጢቱን ከአጥሩ ላይ አወረድኩና ጠራኋት።

"ሰኪና፣ አንድ ነገር ቁጠሪልኝ።"

"ምን ልቁጠር?"

"እጄን።" አንዱን መደብ ከጫፍ ጀምሬ አባበስኩላት። አጥሩን ተደግፋ አየች።

"ይኼ ነው?" አለች።

"ይኼ ነው።"

"የእግዜር ነገር ያልሽኝ?"

"አዎ።"

"ይህን ከጀመርሽ ስንት ዓመትሽ ነው?"

"ዘጠኝ።"

 ቀጥዬ ስለ አንተ፣ ስለ ፖላንዷ ልጅ፣ ስለ ደብዳቤው አወራሁ። አስጨርሳኝ "እንግዲህ ለእሷ ሊነገር ሆነና ነው ለእኔ የተነገረው" አለች። አልጮኸችም። "ዕቃ ወድቆብሽ ነበር፣ ይኸው" እንደምትል አድርጋ ነው ያለችው። አይደለም ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ግን ነው።

"በይ ጀምሪ" አለች። "ቀስ እንዳትይ። ሁልጊዜ እንደምታደርጊው።"

ሰባቱንም መደብ ሄድኩ። በጣቶቿ እየያዘች ቆጠረች። ስድስቱ ላይ ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት ጊዜ ነው። ሰባተኛው ላይ ሃያ አንድ ነው፤ "ደክሞሽ ነው፣ እሱንም ጻፊላት" አለችኝ። "ልጅቱ እንደገና እንዳትሳሳት።" ከዚያ ወደ ሱቋ ሄደች። ነገ ነይና አሳይሻለሁ ልላት ፈልጌ ነበር፤ ማየቱንማ አይታለች። ሦስቱ መደቦቿ ሣር እንደበቀለባቸው ናቸው። ቀጀላ ቅዳሜ ሲመጣ መጀመሪያ በእሷ በር እንዲገባ እነግረዋለሁ። ምን ብዬ እንደምነግረው ግን ገና አላወቅሁም።

ለዶሮታ ስትጽፍ ቁጥሩን ሳትለውጥ ጻፍ፤ የሰባተኛውንም። የቆጠረችው ሰኪና የምትባል የአቃቂ ችግኝ አፍይ ናት ብለህ ስሟን ጻፍ። የእኔን ስም አትጻፍ።

አክስትህ